የ5 ቀን የአመራር ሥልጠና ወስጄ ተመለስኩ፤ የወሰዳችሁ ካላችሁ እንነጋገር

የጉለሌዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ የግል ኩባንያ ለተመራቂ ተማሪዎች ባዘጋጀው የ5 ቀን የአመራር ሥልጠና ላይ ተካፍዬ ነበር። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈውም የማመልከቻ ቅጹ በቴሌግራም ሲደርሳቸው እንደ እኔ ለሚያመነቱ ተማሪዎች ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለማካፈል ነው። የአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ 50 ከመቶ አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን ስለማይቀበል፣ በዚህ ወቅት 5 ቀን ቀላል ጊዜ አይደለም፤ እናቴም “ፈተናሽን ትተሽ የት ነው የምትሄጂው?” ብላ አጥብቃ ጠይቃኝ ነበር።

ቅጹን ከሞላሁ፣ “መሪ የሆንሽበትን አንድ አጋጣሚ ጻፊ” ለሚለው ጥያቄም አንድ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ በስልክ 20 ደቂቃ ያህል አነጋገሩኝ። የጻፍኩት ለ3 ዓመት የክፍል ተጠሪ ሆኜ ስለማገልገሌ ነበር። ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች 32 ተመርጠን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመስቀል አደባባይ በአውቶቡስ ተነሥተን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሆቴል ሄድን። ማደሪያው፣ ምግቡና መጓጓዣው በኩባንያው ወጪ ነበር፤ ከእኛ የተጠየቀ ገንዘብም ሆነ ያስፈረሙን የሥራ ግዴታ ውል አልነበረም። ይህን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት።

የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በአብዛኛው ገለጻ ነበሩ። ከርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙትን፣ የ10 ዓመት ልጆች ሁሉን በሚያዝ፣ በሚያማክርና እንዳሻችሁ በሚል መሪ ሥር ሲሠሩ የሚያሳዩትን ልዩነት የመረመረውን ጥናት ሰማን። ሁሉን የሚያዘው መሪ ከክፍሉ ሲወጣ የልጆቹ ሥራ እንደሚቀዘቅዝ ሲነገረን ማስታወሻዬ ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለውን የጠባይ መጠይቅ ሞላንና እያንዳንዳችን በ4 ፊደላት የተጻፈ ስያሜ በደረታችን ላይ ለጠፍን። እኔ ኤክስትሮቨርት፣ ማለትም ከሰው ጋር መሆንና መናገር የሚቀናት፣ ተባልኩ።

ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ስለ 3ኛው ቀን ነው።

በቡድን ተከፋፍለን በክብ ጠረጴዛ ተቀመጥን፤ በእኛ ጠረጴዛ ስድስት ነበርን። የተሰጠን መልመጃ ጄይ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ያዘጋጀውና በብዙ አገር የሚሠራበት የጨረቃ ልምምድ ነው። መንኮራኩራችሁ ጨረቃ ላይ በብርሃኑ በኩል ወድቋል፤ ዋናው መንኮራኩር 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይጠብቃችኋል፤ ሳይበላሹ የቀሩት 15 ዕቃዎች ናቸው፤ ከሁሉ ከሚያስፈልገው ጀምራችሁ በደረጃ አስቀምጡ ይላል። ክብሪት፣ የናይለን ገመድ፣ የፓራሹት ጨርቅ፣ ኦክስጅን፣ ውኃ፣ የከዋክብት ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የዱቄት ወተት፣ ሽጉጥ፣ ሬዲዮና ሌሎችም ተዘርዝረዋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር ለብቻው ይሞላል፤ ቀጥሎ ቡድኑ በ30 ደቂቃ ተወያይቶ አንድ የጋራ ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ የሁለቱም ዝርዝር ከባለሙያዎች መልስ ጋር ይነጻጸራል፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ያለው ልዩነት ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰ ሰው የተሻለ መለሰ ማለት ነው።

“ፍሊፕ ቻርቱ ላይ የሚጽፍ ማነው?” ሲባል ማርከሩን አነሣሁ። ማንም አልተቃወመም። ኮምፓስን በግሌ 3ኛ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው ከኮምፓስ የሚቀድም ምን አለ ብዬ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች የፊዚክስ ተማሪ ቀስ ባለ ድምፅ “ጨረቃ እንደ ምድር ሁሉን የሚያካልል የመግነጢስ መስክ የላትም፤ ኮምፓሱ አይሠራም” አለች። “እሺ፣ እንመለስበታለን” አልኩና 3 ቁጥርን ጻፍኩ። አልተመለስንበትም። ጊዜው ሲያልቅ ቻርቱ ላይ የነበረው የእኔ ዝርዝር ነበር ማለት ይቻላል፤ በ2 ወይም በ3 ዕቃ ብቻ ነው የተለወጠው።

የባለሙያዎቹ መልስ ሲነበብ ኦክስጅን 1ኛ፣ ውኃ 2ኛ፣ የከዋክብት ካርታ 3ኛ ሆነ። ኮምፓስ 14ኛ ነበር፤ ኦክስጅን በሌለበት የማይነደው ክብሪት ብቻ ነው ከሱ ያነሰው። ስንደምር የእኔ ልዩነት 48፣ የቡድናችን 38፣ የዚያች ልጅ ደግሞ 20 መጣ። ከስድስታችን መካከል መልሱን የምታውቅ ሰው አብራን ተቀምጣ እያለች ነው ቡድኑ ከሷ በእጥፍ ገደማ የተሳሳተው። አሠልጣኙ ቻርታችንን ለአዳራሹ ሁሉ እያሳየ “የቡድን ውጤት ከምርጡ አባል ውጤት ከባሰ፣ ቡድኑ በእጁ ያለውን እውቀት አልተጠቀመበትም ማለት ነው” አለ። ወደ ልጅቷም ዞሮ “አንቺም ድምፅሽን ከፍ ማድረግ መለማመድ አለብሽ” አላት። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ስለነበር፣ ይህ ምክር ትክክል ይሁን አይሁን አላስተዋልኩም።

የክፍል ተጠሪ ሆኜ ባገለገልኩባቸው 3 ዓመታት ስንት ጊዜ “እንመለስበታለን” ብዬ ይሆን? ያን ሌሊት ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተማሪዎች “አንቺው ጨርሺው” ሲሉኝ ስላመኑኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለቀሩት ቀናት የምለው ጥቂት ነው። በ4ኛው ቀን መሪ እንደ ሠራተኛው ብቃትና ፈቃደኝነት ከማዘዝ እስከ ውክልና መስጠት አካሄዱን መለዋወጥ እንዳለበት የሚያስረዳውን፣ ሄርሲና ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡትን ሐሳብ ተማርን፤ 5ኛው ቀን በንግግር፣ በሠርተፊኬትና በፎቶግራፍ አለቀ። ለእያንዳንዳችን ለ3 ወር የሚከታተለን መካሪ ከኩባንያው ሥራ አስኪያጆች መካከል እንደሚመደብ ተነግሮን ነበር። አንድ ወር አለፈ፤ የደወለልኝ የለም፤ የላክሁት ኢሜይልም መልስ አላገኘም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ አጭር ሥልጠና የወሰዳችሁ ሰዎች፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከእናንተ ጋር የቀረ ምን ነበር?

ጠያቂው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ በግልጽ መጻፍሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ሳልደብቅ ልናገር። እኔም ከ4 ዓመት በፊት ተመሳሳይ የ3 ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። ሠርተፊኬቱን ሊንክድኢን ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሲቪዬ ላይም አንድ መስመር ሆኗል። ከዚያ ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም።

እናቴ በሰፈራችን ዕቁብ ላይ ለ11 ዓመት ሰብሳቢ ናት። 40 ሰው በየሳምንቱ ገንዘብ ይሰጣታል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ከወሰደ በኋላ እንዳይጠፋ የሚያስገድድ በእጇ ያለ ሥልጣን የለም። አንዱ ሲቸገር ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ዕጣውን ለሌላ እንዲለቅ ስታግባባ ማንም ሳይሰማባት ነው። አንድም ቀን ሰው ፊት አዋርዳ ስትጠይቅ አላየሁም። ይህን የሚያስተምር አዳራሽ የት አለ? ወጣቱ ከእድር፣ ከዕቁብና ከማኅበር የሚማረውን ትቶ ከሆቴል አዳራሽ መሪነትን መጠበቁ ያሳስበኛል።

አሠልጣኝ ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

በሰው ኃይል ልማት ሙያ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎችንም አዘጋጃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ይመለከተኛል።

የእኔ ሙያ ከቆየ አንድ ችግር ጋር ይኖራል። ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና በ4 ደረጃ ሊመዘን እንደሚገባ ጽፎ ነበር፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ጠባዩን ለወጠ ወይ፣ ለድርጅቱስ ውጤት መጣ ወይ ብሎ። አብዛኛው ድርጅት የመጀመሪያውን ብቻ ይለካል። በመጨረሻው ቀን “አዳራሹ እንዴት ነበር? ምሳውስ?” የሚል ቅጽ ይሞላል፤ አማካዩ ከ5 ነጥብ 4.6 ከመጣ ሥልጠናው ተሳካ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ወደ 3ኛው ደረጃ ለመድረስ ከ3 ወር በኋላ ሠልጣኙን፣ አለቃውንና አብረውት የሚሠሩትን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ በጀት የሚይዝ ድርጅት በሙያ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው።

መርሳትም አለ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ያልተደጋገመ ነገር ከአንድ ቀን በኋላ በአእምሮ የሚቀረው ሲሶ ያህሉ ነው። የ5 ቀን ገለጻ ያለ ክትትል ሲቀር ምን እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል። ይሁንና፣ የጉለሌዋ፣ 48፣ 38 እና 20 የሚሉትን ቁጥሮች ከወር በኋላ እንዴት እንዳስታወስሻቸው ልብ በይ፤ ስለተነገረሽ ሳይሆን ስለደረሰብሽ ነው።

ስለ መካሪው ልንገርሽ። መካሪ የሚሆኑት የቅርንጫፍና የመምሪያ ኃላፊዎች ናቸው። ሠልጣኝ መከታተል በዓመታዊ ዕቅዳቸው ላይ አይጻፍም፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ የሚቀረው እሱ ነው። ይህ የኩባንያው ጥፋት ነው፤ ቃል ከተገባ መፈጸም አለበት። አንቺ ግን አትጠብቂ። “ሊመክሩኝ ተመድበዋል” ብለሽ ሳይሆን አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዘሽ ጻፊ፤ ለምሳሌ “የበታች ሠራተኛዎ ትክክል ሆኖ እርስዎ የተሳሳቱበትን አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ ቢያጫውቱኝ” ብለሽ። እንዲህ ላለ ጥያቄ ሰው ጊዜ አያጣም።

ኩባንያው በ5 ቀን መሪ አፈራለሁ ብሎ እንደማያምንም ማወቅ ጥሩ ነው። 32 ወጣት ለ5 ቀን ሲበላ፣ ሲከራከርና ሲደክም ማየት ከ20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ቅጥር ነው፤ ይህም ነውር የለበትም።

ከሐዋሳ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። በደረት ላይ ስለተለጠፈው ባለ 4 ፊደል ስያሜ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መጠይቁ የተነሣው ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሳተመው የጠባይ ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ወደ መጠይቅ የለወጡት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው። ሁለቱም በሥነ ልቦና ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም። አንድ ሰው በጥቂት ሳምንታት ልዩነት መጠይቁን ደግሞ ሲሞላ ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚገኘው በሁለቱ ጫፎች መካከል ሆኖ ሳለ መጠይቁ መሐል ላይ መስመር አስምሮ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ይለዋል።

ለመጫወቻና ወግ ለመጀመር ከሆነ ችግር የለውም። የሚያስፈራኝ የሚቀጥለው ቀን ነው። በ2ኛው ቀን “ኢንትሮቨርት” (ዝምተኛ፣ ቁጥብ) የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ልጅ በ3ኛው ቀን አንድ ነገር ስትናገር ሰሚው ቃሏን ከመመዘኑ በፊት ወረቀቱን ያነባል። “ድምፅሽን ከፍ አድርጊ” የሚለው ምክርም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ጡረተኛው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 31 ዓመት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ፤ የመጨረሻውን 12 ዓመት አቃቂ አካባቢ በአንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤትና የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። በዘመኔ ያልመጣ ሥልጠና የለም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተባለ፤ ቀጥሎ ውጤት ተኮር መጣ፤ ቀጥሎ 1 ለ 5 ተደራጁ ተባልን። በየጊዜው ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቃለ ጉባኤው በፋይል ይቀመጣል፤ ሥራው እንደነበረ ይቀጥላል።

አንዱ ብቻ ልቤን ነካው። መንግሥት ከጃፓን ጋር ተባብሮ በ30 ድርጅቶች ካይዘንን፣ ሥራን ትንሽ በትንሽ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ከሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እኛም ጋ ደረሰ። የሥራ ቦታን የማደራጃ ደረጃዎቹን አምስቱን ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን ስንማር አሠልጣኙ ሁላችንንም ወደ ግምጃ ቤት ወሰደንና “ከዚህ ዕቃ ለማውጣት የሚመላለሰው ማነው?” ብሎ ጠየቀ። አንዲት ዕቃ አቀባይ ነበረችን። “ቦሎኖች ሁሉ የሚቀመጡት በግራ ጥግ ነው፤ የሚፈለጉት ግን በቀኝ በር ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ እኔ ነኝ የማውቀው” አለች። መደርደሪያውን በዚያው ሳምንት አዛወርነው፤ የጥገና ሠራተኛ ተሰልፎ መጠበቁ ቀረ።

ምሳ ላይ ጠርቼ “ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?” ስላት “ነግሬዎት ነበር፤ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት” አለችኝ። እኔ ጋ ከተመደበች 9 ዓመቷ ነበር። አላስታውስም፤ መናገሯን ግን አልጠራጠርም። አንቺ በ22 ወይም በ23 ዓመትሽ ቻርት ላይ ያየሽውን እኔ ያየሁት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ስለዚህ 5 ቀንሽ አልባከነም።

ሦስተኛ ዓመት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

በጣም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የክፍል ተጠሪም፣ የክበብ ሊቀመንበርም ሆኜ አላውቅም። ከትምህርት በኋላ የአክስቴን ሱቅ ነው የምጠብቀው። “መሪ የሆንክበት አጋጣሚ” ለሚለው ምን ልጻፍ?

የጉለሌዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድሜ፣ ስለ ሱቁ ጻፍ። አብሮኝ የሠለጠነ አንድ ልጅ የጻፈው ሦስት ታናናሾቹን እንዴት እንደሚያስጠና ነበር፤ ስሙም በመጀመሪያው ዙር ነበር የወጣው። አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ የወሰንከው ነገር ይኑርበት እንጂ ማዕረግ አይፈልጉም። የዱቤ ደብተር የምትይዝ ከሆነ፣ ዱቤ ከልክለህ ደንበኛውን ያላጣህበትን ቀን ጻፍ።

ጋሼ ጡረተኛው፣ “ነግሬዎት ነበር” የሚለውን ሳነብ ሆዴን ነው ያመመኝ። ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠያቂው፣ ስለ እናትህ የጻፍከውን አምኜ እቀበላለሁ፤ የእኔም እናት የእድር ገንዘብ ያዥ ናት። ሆኖም እኔን እድር ውስጥ ማንም አይነግረኝም ነበር። “ጎበዝ ልጅ” እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የማያውቁኝ ሰዎች ቁጥሬን ከቁጥሯ ጎን ጽፈው ባያሳዩኝ አላምንም ነበር፤ ይህን ከአዳራሹ አግኝቻለሁ።

ከመስኮቱ አጠገብ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

የፊዚክስ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ሊንኩን የላከልኝ አብሮን የሠለጠነ ልጅ ነው። እስከ አሁን የተጻፈው በቅንነት ስለሆነ እኔም በቅንነት የማስታውሰውን ልጨምር።

ስለ ኮምፓሱ አንድ ጊዜ ብቻ አልተናገርኩም። በመጀመሪያ አንቺ እንደጻፍሽው “እንመለስበታለን” አልሽኝ። ሬዲዮው ላይ ስንደርስ ደግሜ አነሣሁት፤ ያን ጊዜ ፊትሽ ወደ ቻርቱ ነበር፤ ጀርባሽን ነው ያየሁት። ከጎኔ የነበረው ልጅ ሰምቶኛል፤ “ቆይ፣ ትጨርስ” ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ተውኩት። ቀሪውን 15 ደቂቃ ያሳለፍኩት የማርከሩን ክዳን እያየሁ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ ነበር።

ዝምተኛ ሰው አይደለሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት 60 ሰው ያለበት የመዝሙር ክፍል አስተባብራለሁ፤ ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ልምምድ አስመራለሁ። እዚያ ድምፄ ዝቅተኛ ነው ያለኝ የለም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ስናገር ሰው ጠጋ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ አሠልጣኙ በ32 ሰው ፊት “ድምፅሽን ከፍ አድርጊ” ሲለኝ በጣም ከፋኝ። ሁለት ጊዜ የተናገረችው እንድትታረም ተመከረች፤ ማርከር የያዘ ሰው ዞር ብሎ እንዲሰማ ግን የተመከረ አልነበረም። የመዝጊያው ቀን በተሞላው ቅጽ ላይ ይህን ልጽፍ ብፈልግ የተሰጠው ቦታ አንድ መስመር ነበር።

አንድ ነገር ግን በአንቺ ስም መናገር አለብኝ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ መጥተሽ ተቀመጥሽና “ጨረቃ ለምን መግነጢስ የላትም?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። በምድር ሆድ ውስጥ ቀልጦ ስለሚንቀሳቀሰው ብረት፣ የጨረቃ እምብርት ግን ትንሽ ስለመሆኑና የጥንቱ መስኳ ከጠፋ በኋላ በአንዳንድ ዓለቶቿ ላይ ርዝራዡ ብቻ ስለመቅረቱ ቃሊቲ እስክንደርስ አወራን። በ5 ቀን ውስጥ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንቺ ነሽ። ስለ ይቅርታ አላነሣሽም፤ እኔም አልጠበቅኩም፤ ጥያቄው በቂዬ ነበር።

የጉለሌዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

እህቴ፣ ሁለተኛውን ጊዜ አልሰማሁም። ጀርባዬን ሰጥቼሽ እንደነበር ያወቅኩት አሁን ነው። ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ እዚህ ልጻፈው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ “ቀስ ባለ ድምፅ” ብዬ የጻፍኩትም የራሴን ጥፋት ወደ አንቺ ድምፅ የሚያዞር መሆኑ አሁን ገብቶኛል፤ እንዳለ የተውኩት ሰው እንዲያየው ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የመመረቂያ ጥናት ቡድናችን ተሰብስቦ ነበር፤ አራት ነን። እስከዚያ ቀን ላፕቶፑን የምይዘው፣ የምጽፈውም፣ የምደመድመውም እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ላፕቶፑን ለሌላ ሰጠሁና ውይይት ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ መጠይቃችን የሚያሰጋውን ነገር በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያስቀምጥ ጠየቅኩ፤ ከጨረቃው ልምምድ የወሰድኩት “በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ በጋራ” የሚለውን ብቻ ነው። ከአራቱ ወረቀቶች አንዱ “7ኛው ጥያቄ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፤ ደመወዝና እርካታ” ይላል። የጻፈው ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት ተናግሮት እንደነበር ሌላዋ የቡድናችን አባል አስታወሰችን። 120 ቅጂ አባዝተን ነበር። ገጹን ቀይረን እንደገና አባዛነው፤ ወጪውን እኔ ከፈልኩ። መጠይቁ ለባንክ ሠራተኞች ከመበተኑ በፊት መሆኑ ነው የጠቀመን።

አሠልጣኝ ነኝ ብለው የጻፉልኝን ምክርም ተጠቅሜበታለሁ። ለተመደቡልኝ ሥራ አስኪያጅ ጥያቄዬን እንዳሉኝ አድርጌ ማክሰኞ ላክሁ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መለሱልኝ። ሐሙስ ሳምንት በ10 ሰዓት ቢሯቸው ቀጥረውኛል።

አሠልጣኝ ነኝ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጥሽው ልጅ የጻፍሽውን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ይህንን ልምምድ ለብዙ ዓመታት አሠርቻለሁ፤ ውጤቱ ሲነበብ “የሚያውቀው ሰው ለምን አልተናገረም?” ብዬ እጠይቅ ነበር። ተናግሮ እንደሆነ አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም። የሚቀጥለው ዙር ሥልጠናዬ በሰኔ ነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ተመልካች አስቀምጬ ማን ምን እንዳለ፣ ለተናገረውም ማን እንደመለሰለት እንዲመዘግብ አደርጋለሁ፤ ውጤቱ ከመነበቡ በፊትም መዝገቡ ይነበባል። የጠባይ ስያሜውንም በደረት ላይ ማስለጠፍ አቆማለሁ። የአንቺን ታሪክ ስምሽንና ዩኒቨርሲቲሽን ሳልጠቅስ ለሠልጣኞቼ ብናገረው ትፈቅጂልኛለሽ?

ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡45

ይናገሩት፣ ፈቅጃለሁ። ሲናገሩት ግን “አንዲት ዝምተኛ ልጅ” ብለው እንዳይጀምሩ አደራ። ሁለት ጊዜ ተናግራ ነበር ይበሉ።